ስቃችሁ ስትጨርሱ ይህችን አንብቡ

ሰሞኑን ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አንድ ቪዲዮ ይዞራል። አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል። ለአንድ ፈረንጅ እንግዳ መንገድ ልታሳየው ትሞክራለች። ቃል ያጥራታል፣ በእጇ ትሞላዋለች። አንዷን ቃል ሁለት ጊዜ ትስታለች። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገናት፣ በጠቆመችው በኩል ሄደ። ልብ በሉልኝ፦ ገብቶት ነው የሄደው። ቋንቋ የተፈጠረበት ጉዳይ እዚያ ላይ አልቋል። ያልገባን እኛ ነን። ቀራጩ ከኋላ ሆኖ ይንከተከታል፣ ከሥር ደግሞ ስንቱ "እንግሊዝኛ ዛሬ ሞተች"፣ "የቀብሩ ሰዓት ይነገረን" ምናምን እያለ ይረባረባል።

አንድ ወዳጄ ለእኔም ላከልኝ። "ቲቸር፣ ያንተ ተማሪ ናት እንዴ?" ይላል፣ ከሳቅ ምልክት ጋር።

አይደለችም። ግን ልትሆን ትችል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

ለማታውቁኝ፦ ካዛንቺስ ውስጥ ለ9 ዓመት ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ክፍላችን ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች፣ 14 ወንበር የያዘች፣ ክረምት ሲገባ ከአንድ ጥግ የምታፈስ ጠባብ ቤት ነበረች። ተማሪዎቼ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ጥበቃዎች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ከቤይሩት የተመለሱ ሁለት ሴቶች፣ አሜሪካ ያሉ የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ ማናገር ያቃታቸው አንድ ጡረተኛ መካኒክ ነበሩ። መካኒኩ የተመዘገቡ ዕለት "ለምን መማር ይፈልጋሉ?" ስላቸው፣ "ልጆቹ ሃይ ይሉኛል፣ እኔም ሃይ እላለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል" ነበር ያሉኝ።

ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንደ ካዛንቺስና አካባቢው ፈረንጅ የሚርመሰመስበት የለም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ኢሲኤ ግቢ ውስጥ ዓለም ይሰበሰባል፤ አንዱ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሌላው ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ በፈረንሳይኛ ይሰማዋል፤ ከመስታወት ጀርባ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያስተረጉምለታል። ከግቢው ውጭ ሆቴሉ፣ ካፌው፣ ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ የሚኖረው ከዚያ በሚወጣው ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን አስተርጓሚ የለውም። እጁና ድፍረቱ ብቻ ናቸው ያሉት። እናንተ ደግሞ ድፍረቱን በቪዲዮ ትወስዱበታላችሁ።

እንግዲህ የምጣላው ከሳቁ ጋር ብቻ አይደለም። ሳቁ የሚበቅልባቸው ሦስት ውሸቶች አሉ። አንዱን እኔ ራሴ በባነር አሳትሜ ሰቅዬዋለሁ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ውሸት አንድ፦ "ዕድሜ ካለፈ ቋንቋ አይገባም"

ክፍሌ ከገባ አዋቂ ሁሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያዋን ሳምንት የሚላት ነገር አለችው፦ "ቲቸር፣ የእኔ ጭንቅላት ደርቋል።" ማን ነገራቸው? ልጃቸው፣ አለቃቸው፣ ሰፈሩ፣ ሁላችንም።

በጎርጎርሳውያኑ 1978 ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሆፍናገል-ሆሌ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኔዘርላንድስ ገብተው ደች ቋንቋ መልመድ የጀመሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ተከታትለው አጥንተው ነበር። ሕፃን አለ፣ ጎረምሳ አለ፣ አዋቂ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀድመው የሄዱት ጎረምሶቹና አዋቂዎቹ ናቸው። በፈተናዎቹ ዝቅተኛውን ያመጡት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ሕፃናት ነበሩ! እውነት ነው፣ ብዙ ዓመት ሲቆይ በልጅነቱ የጀመረው በድምፅ አወጣጥ ያሸንፋል። የአዋቂ ምላስ የመጣበትን አገር ይዞ ይቀራል። ታዲያ ምን ይሁን? እትዬ ቢቢሲ ላይ ዜና ሊያነቡ ነው እንዴ?

ከውጭ ጥናት ይልቅ የቤታችንን ከፈለጋችሁ፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስታውሱ። ስለ ደርግ የፈለጋችሁትን በሉ፤ እኔም የምለው አለኝ። ግን አያቶቻችን፣ ጨርሶ እርሳስ ይዘው የማያውቁ ሰዎች፣ ሸምግለው ፊደል ቆጥረዋል። ዘመቻው እያደገ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በጎርጎርሳውያኑ 1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የማታ ትምህርትም ትናንት የመጣ ነገር አይደለም፤ "ብርሃንህ ዛሬ ነው" የሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት በ1940ዎቹ ነው የተከፈተው። ስሙን ደግሞ እዩት፤ "ብርሃንህ ድሮ ነበር" አላለም።

ከቤይሩት የተመለሱትን ሁለቱን ሴቶችም ልጨምር። አንዷ ከ6ኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። በአረብኛ ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች፣ ስትናደድ ደግሞ ትሳደባለች። በሁለት ዓመት! የተማረችበትን መንገድ አላሞካሽም፤ በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ ተይዞ፣ ስህተት ሲገኝባት እየተጮኸባት ነው የለመደችው፤ ለማንም አልመኘውም። ግን ያቺው ልጅ ክፍሌ ገብታ "እኔ ቋንቋ አይገባኝም" ስትለኝ ሳቄ መጣ። "አንቺ? አንቺ እኮ ከእኔ የበለጠ ቋንቋ ታውቂያለሽ" አልኳት። ዝም አለችና "እሱ እኮ ትምህርት አይደለም፣ ኑሮ ነው" አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር 9 ዓመት ሙሉ አልረሳሁትም። ቋንቋ ትምህርት የሆነ ዕለት ነው የጠፋባት።

ውሸት ሁለት፦ "በ3 ወር እንደ ውኃ!"

እነሆ ባነሩ። ቢጫ መደብ፣ ቀይ ጽሑፍ፣ "እንግሊዝኛን በ3 ወር አቀላጥፈው ይናገሩ! ካልቻሉ ገንዘብዎ ተመላሽ!" እያለ የሚጮህ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት እኔም በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። የሌላውን አይቼ ነው፤ ካልሰቀልክ ማንም አይገባም። ሰበብ መሆኑን አውቃለሁ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት፣ 12 ሳምንት። 36 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ መብራት የጠፋበትን፣ ፈረቃ የተቀየረበትን፣ ልጅ የታመመበትን፣ ለቅሶ የተሄደበትን ቀንሱ።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም አለ። አማርኛን ከከባዶቹ ቋንቋዎች ተርታ መድቦታል። ለአንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማት አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማስተማር የሚያቅደው 44 ሳምንት፣ 1100 የክፍል ሰዓት ነው። ዲፕሎማቱ ዲግሪ አለው፣ ጠዋት ትኩስ ጭንቅላት ይዞ ነው የሚገባው፣ የሚማረው ደመወዙ እየተከፈለው ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያለው ርቀት ይህን ያህል ከሆነ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ያለው መንገድ በምን ተአምር ያጥራል?

እሱ 1100፣ እሷ 36። እሱ ጠዋት፣ እሷ ሃያ ክፍል አጽድታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። በእኛ ፍጥነት 1100 ሰዓት ለመሙላት ከ7 ዓመት በላይ ይፈጃል። ታዲያ በሦስተኛው ወር ማብቂያ "አልቻልኩም" ብላ ስትቀር ማንን ትወቅሳለች? ባነሩን አይደለም። ራሷን ነው። "ሌላው በ3 ወር ይችላል፣ እኔ ደነዝ ነኝ" ትላለች። በዚያ ባነር ገንዘብ ብቻ አልወሰድንም፤ ሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ነው የወሰድነው። እሱን ተመላሽ ያደረገ ትምህርት ቤት ደግሞ እስካሁን አላየሁም፤ የእኔን ጨምሮ።

ውሸት ሦስት፦ "ግራመሩን ሳይጨርስ አፉን አይክፈት"

ይህ ውሸት ከክፍል ውስጥ ነው የሚወጣው፤ የእኛ የመምህራን ነው። እኛ የተማርነው በሠሌዳ ነው፤ ስለዚህ በሠሌዳ እናስተምራለን። አሥራ ሁለቱን ቴንስ እንደ ዳዊት እናስደግማለን። ውጤቱስ? አንድ ልጅ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት ይማር ነበር፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ይማር ነበር፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በእንግሊዝኛ ይፈተን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ናቸው። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ነገር አለበት። ግን ጥያቄውን ራሱን አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ ምን ያህል እንደሆነ ያስተማረ ያውቀዋል። አገሩ በሙሉ 12 ዓመት ተምሮ እዚህ ላይ ነው ያለነው። ከዚያ ቁጭ ብለን በሳምንት 3 ሰዓት የምትማር የሆቴል ሠራተኛ ላይ እንስቃለን!

አሁን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል አንድ የ51 ዓመት ሴት ነበሩ። ሆቴል ውስጥ ሃውስ ኪፒንግ ነው የሚሠሩት፣ 17 ዓመት ሙሉ። የትኛው ሆቴል እንደሆነ አልናገርም። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ክፍል ውስጥ "ቲቸር"፣ ከክፍል ውጭ "ልጄ" ይሉኛል። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ደብተራቸው እንደ ሙሽራ ቤት የጸዳ ነው። ፈተና ላይ የቴንስ ሠንጠረዥ ሞልተው ከክፍሉ አንደኛ ወጡልኝ። እኔም ኩራቴ!

ሥራቸው ቦታ የፎቁ ኃላፊ ለቀቀችና ቦታው ተለጠፈ። ከ17 ዓመት በኋላ አንድ እርከን ከፍ ማለት ነው። አመለከቱ። ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የውጭ ዜጋው ሥራ አስኪያጅ ነበር። አጭር ወረቀት በእንግሊዝኛ ደረሳቸው፦ ሐሙስ፣ 9:00።

እትዬ ሐሙስ ከሩብ ጉዳይ ለ9 ደረሱ። ከሰዓት በኋላ። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለቃለ መጠይቁ ያጠናነውን በቃላቸው ይዘው። ሰውየው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጠብቋቸው፣ ሌላ ሰው አነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ስድስት ሰዓት ዘግይተዋል። "ወረቀት ማንበብ ያልቻለች እንዴት ሌላውን ትመራለች" ተባለ። አለቀ።

ማታ ክፍል መጡ። ያን ዕለት እንኳ አልቀሩም! ሌላው ሲወጣ ቆይተው ነገሩኝ። "ለምን ሰው አልጠየቁም?" አልኳቸው። የመለሱልኝን አልረሳውም፦ "ሼም ያዘኝ ልጄ። ለዚህ ቦታ አመልክቼ ሰዓት ላስነብብ?"

እኔ ለእኚህ ሴት ያስተማርኳቸውን ልዘርዝር። ፕሬዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩየስ አስተምሬያቸዋለሁ። ፓሲቭ ቮይስ አስተምሬያቸዋለሁ። "ቢሆን ኖሮ" የሚባለውን ሦስተኛውን ኮንዲሽናል አስተምሬያቸዋለሁ። የፈረንጅ ሰዓት አላስተማርኳቸውም። የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 እንደሆነ፣ የእኛ ቀን በጠዋት የእነሱ በእኩለ ሌሊት እንደሚጀምር አንድም ቀን ሠሌዳ ላይ አልጻፍኩም። "ይህማ የታወቀ ነው" ብዬ። ለእኔ የታወቀ ነው።

በነጋታው ባነሩን አወረድኩ። ጀግንነት አይደለም፤ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ቀየርኩ? ከሚስቁት ይልቅ ለምትማሩትና ለምታስተምሩት ነው ይህን የምጽፈው። ተአምር የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታና ቴንስ መሆኑ ቀረ። "አልገባኝም፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ"፣ "ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?"፣ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" እነዚህን ሦስቱን በእንግሊዝኛ አፋቸው ላይ እስኪቀመጡ እንደጋግማለን። እነዚህን የያዘ ሰው የቀረውን ከመንገድ ላይ መማር ይችላል። አስተማሪ የሌለበት ቦታ ላይ የሚያናግረውን ሰው ሁሉ አስተማሪ ያደርገዋል። ከዚያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ። ስድስት ደምር፣ ስድስት ቀንስ። መስከረም ሴፕቴምበር ላይ እንጂ ጃንዋሪ ላይ እንደማይውል። የኪራይ ውል፣ የበረራ ትኬት፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሁሉም እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት። "ማታ ስትመጡ ዛሬ ሥራ ላይ የሰማችሁትንና ያልገባችሁን፣ ወይም ልትሉ ፈልጋችሁ ያቃታችሁን ይዛችሁ ኑ" አልኩ። ጥበቃው "መታወቂያዎን ከዚህ ትተው ይግቡ" ይዞ መጣ። ሾፌሩ "በዚህ መንገድ ብንሄድ ይዘጋጋል" ይዞ መጣ። እትዬ "ፎጣዎን ልቀይር ወይስ ይቆይ?" ይዘው መጡ። መካኒኩ አባት "ጥርስሽ ወለቀ እንዴ? አይጥ ላይ ወረወርሽው?" ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው የወተት ጥርስ ወልቆባት ነበር። እሱን ዓረፍተ ነገር አንድ ማታ ሙሉ ሠራነው። በማግስቱ "ስልኩ ሃያ ደቂቃ ቆየ!" ብለው ሲገቡ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ይህ ያለው?

ሦስተኛ፣ አማርኛን ከክፍል ማባረር አቆምኩ። "ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ!" የሚል ቅጣት ያደግንበት ነው። አዋቂ ሰው ግን ቋንቋ አለው፤ ባዶ አይደለም። ስህተቱ ራሱ ከአማርኛው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከአማርኛው ጀምረህ አሳየው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፣ እነሱ መሐል ላይ። እኛ "ራሴን አመመኝ" ስንል ሕመሙ ነው ባለቤቱ፣ እነሱ ግን ራስ ምታት "አላቸው"። እኛ "መጥተሃል?" ስንል ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፣ እነሱ ቃላቱን ቦታ ያቀያይራሉ። ይህን አንዴ በአማርኛ ስትነግረው አዋቂው "አሃ!" ይላል። ሕፃኑ ይህን "አሃ" ማለት አይችልም። የአዋቂ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ግን ይህን ትተን ሕፃኑ የሚበልጠውን ድምፅ አወጣጥ ላይ ስናሸማቅቀው እንውላለን።

አራተኛ፣ ድምፅን በተመለከተ ማረም ያለብህን ብቻ አርም። "ስኩል"ን "እስኩል" ቢለው ማን ሞተ? ማንም ይገባዋል። "ፊፍቲን"ና "ፊፍቲ" ግን ይለዩ፤ 215 ቁጥር ክፍል የተጠራ ሻይ 250 ይገባላ። "ጆሮዬ አይለይም" ለሚሉኝ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ "ገና አልመጣም" የሚለው ገናና የታኅሣሡ ገና አንድ ናቸው? ይስቃሉ። "ሰው አለ" እና "እሱ አለ" ስንል የላላውንና የጠበቀውን ማን አስተማራችሁ? ፈረንጅ እኮ ይህን ለመለየት ወራት ያለቅሳል። ጆሮ ደንቆሮ የለም፤ ያልሰማ ጆሮ ነው ያለው።

አምስተኛ፣ መርሳት። "ትናንት ያጠናሁት ዛሬ ጠፋ" የሚለው ለቅሶ ነው ብዙውን የሚያስቀር። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳየው ነው፦ ሰው የተማረውን አብዛኛውን ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይረሳል፤ ደጋግሞ፣ በየመሐሉ ጊዜ እየሰጠ ከተመለሰበት ግን ይቆይለታል። ዶክተሩ ራሱ ረስቷል፣ እትዬ ለምን አይረሱ? መርሳት የደነዝነት ምልክት አይደለም፤ የጭንቅላት ሥራ ነው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር በድምፅ ቀርጬ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ። ማታውኑ ይሰሙታል፣ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ። አልጋ እያነጠፉ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው። የክፍል ሰዓት ባይጨመር የጆሮ ሰዓት ጨመርን።

ስድስተኛ፣ በሰው ስህተት የሳቀ ለክፍሉ በሙሉ ቡና ይጋብዛል። ደጃፋችን ላይ ጀበና የምታፈላ ልጅ ነበረች፤ መጀመሪያ ወር ላይ አበለጸግናት። በሁለተኛው ወር ሳቂ ጠፋ። በራሱ ስህተት የሳቀ ግን ነፃ ነው። ይህኛው ሳቅ መድኃኒት ነው።

ውጤቱን ላጋንን አልፈልግም። ብዙዎቹ ዛሬም ቢሆን ተሰባብሮ ነው የሚናገሩት። ግን ይናገራሉ። እትዬ ያን ቦታ አላገኙም፤ ቦታው ሌላ ሰው ይዞታል። ነገር ግን አንድ ምሽት "ቲቸር፣ ዛሬ እንግዳው ሰዓት ሲነግረኝ፣ ሞርኒንግ ኦር አፍተርኑን ብዬ ጠየቅሁት። ምንም አልሆንኩም፤ ሼሙ የት እንደገባ አላውቅም" ብለው ነገሩኝ። ለእኔ የ9 ዓመት ደመወዜ ይህ ነው። ዕዳዬ ግን አልተከፈለም።

ከዚያ 2017 ገባ። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰች። ስለ ልማቱ ሌላ ጊዜ እንከራከር፤ ዛሬ ርዕሴ እሱ አይደለም። የእኛም ክፍል ፈረሰች፣ ያቺ የምታፈሰዋ ጥግ ሳትቀር። ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ የት እንደገባ አላውቅም። ሥራቸው ግን እዚሁ መሐል ከተማ ነው የቀረው። ድሮ ከሥራ ወጥተው በእግር አሥር ደቂቃ ነበር ክፍል የሚገቡት፤ አሁን ያ ጊዜ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚያልቀው። ለአዋቂ ተማሪ ትልቁ ችግር ሰዋስው ነው የሚለኝ ካለ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይምጣና ያስረዳኝ። የቀረችን ያቺ የቴሌግራም ግሩፕ ናት። እሷም ፓኬጅ ሲያልቅ ዝም ትላለች።

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ በየተራ፦

አሠሪዎች፣ "አቀላጥፋ የምትናገር" ብላችሁ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት፣ አሥር ዓመት ለሠራችላችሁ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከሥራ ሰዓቷ ላይ ስጧት። ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ ወደ እናንተ ነው የሚገባው፣ ቋንቋው ለምን በእሷ እንቅልፍና በእሷ ኪስ ይገዛል? ቃለ መጠይቅ ስትጠሩም ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። አንዲት መስመር ናት፤ ወጪ የላትም።

ትምህርት ቤቶች፣ ባነሩን አውርዱ። "በ3 ወር" ከምትሉ "36 ሰዓት" በሉ። ሰው በ36 ሰዓት ምን መቻል እንደሚችል በሐቅ ንገሩት፤ ሰላምታ፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ የሥራ ቦታው አርባ ዓረፍተ ነገሮች። ይህም ትንሽ አይደለም። እመኑኝ፣ እውነቱን ነግሬያቸው ሰው አልጠፋብኝም። የቀነሰው በሁለተኛው ወር የሚቀረው ነው።

መምህራን፣ ለአዋቂ የምታስተምሩ፣ ሠሌዳው ላይ ከመጻፋችሁ በፊት "ይህን ነገ የት ይጠቀሙበታል?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ አጥፉት።

የከተማው ሹማምንት፣ ሰው ወደ ዳር ሲወጣ ቤቱና መንገዱ ብቻ ሳይሆን የማታ ትምህርቱም አብሮ ይታሰብ። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ የተሠሩ ትምህርት ቤቶች ማታ ቁልፍ ናቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 2 አንድ ክፍል ክፈቱ፤ አስተማሪ እኛ እናመጣለን። እኔ አንደኛው ነኝ።

የምትማሩት፣ እናንተ ግን ምንም አልላችሁም። ቀጥሉ ብቻ። ስትሳሳቱ ሰውየው ከገባው አልተሳሳታችሁም።

የምትስቁት ደግሞ... ለእናንተ አንዲት ታሪክ አለችኝ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ በምህፃረ ቃል ኢንቺስ ይሉታል። ቤቶቹን ደግሞ "ካዛ ኢንቺስ" አሏቸው። የኛ ሰው ኮርስ አልወሰደም፣ ግራመር አላጠናም። በጆሮው የሰማውን በአፉ እንደመጣለት አላቸው፦ ካዛንቺስ። ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ባኞ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶም እንዲሁ ነው የገቡት። ዛሬ ማኪያቶህን እየጠጣህ በእሷ እንግሊዝኛ የምትስቅ ወንድሜ፣ የምትጠጣውም የቆምክበት ሰፈር ስምም አያትህ ፈረንጅ ሳይፈሩ በጆሯቸው የቀዱት ቃል ነው። ያኔ የሚቀርጽ አልነበረም፣ እድለኛ ናቸው።

ቪዲዮውን የለቀቅክ፣ አጥፋው። ያጋራችሁ፣ አንሱት። ልጅቷ ነገ ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ሌላ እንግዳ መንገድ ይጠይቃታል። አፏን እንድትከፍት ነው የምፈልገው።

ኮሜንት ላይ ደግሞ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ጻፉ። በባዕድ ቋንቋ የተሳሳታችሁትን የመጀመሪያዋን ስህተት። እኔ ልጀምር፦ የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ ቤታችን አንድ ፈረንጅ እንግዳ መጣ። ሽማግሌ ሰው ነው። ዝም ብሎ ቁጭ ሲል "ይጫወቱ እንጂ" ልለው ፈልጌ፣ በሙሉ ልብ "ፕሌይ! ፕሌይ!" አልኩት። ግራ ገብቶት ዙሪያውን ኳስ ፈለገ። እናቴ ደግሞ "ልጄ እንግሊዝኛ ቻለ" ብላ ለጎረቤት አወራች።

ያን ቀን ቢሳቅብኝ ኖሮ ዛሬ አስተማሪ አልሆንም ነበር። የእናንተን እጠብቃለሁ።